ደመወዜን የበላችው መኪና

በመረዳጃችን የዓርብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

ዛሬ ፈቃድ ተከልክለው ያልመጡትንም ፈጣሪ ያስባቸው፣ በሚቀጥለው አብረውን ይሁኑ።

ባለፈው ስብሰባ «አንቺም ከምታውቂው ነገር አንድ ነገር ንገሪን» ስባል ጨነቀኝ። ስለ ሕግ የሚያስረዱ እህቶች አሉን፣ ስለ ሐዋላና ስለ ቁጠባ የሚያስረዱም አሉን፤ በወጥ ሙያማ እኔ ከማናችሁም አልበልጥም። ከዚያ አንዷ ጓደኛዬ «ያቺን መኪና ንገሪያቸው» አለችኝ። እና ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሮጌ ትልቅ መኪና ጥገና ነው። አትሳቁ! እኔም ራሴ ሳቄ ይመጣል። ግን ወሬው የመኪና ብቻ አይደለም፣ የሦስት ወር ደመወዜም ወሬ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ጅዳ ከገባሁ አምስተኛ ዓመቴ ነው። አሰሪዬ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ ሦስት ልጆች አሏት። ትልቋ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ አራት። ባልየው ሲሞት ትቶላት ከሄደው አንዱ መኪናው ነው፤ የ2003 ሞዴል ሸቭሮሌት ሰበርባን። እዚህ አገር ሰው «ጂምስ» የሚላት፣ ያቺ ረጅሟ ባለ ሦስት ረድፍ መቀመጫ። ጂምስ የሚለው ስም የእህቷ የጂ.ኤም.ሲ. ነው፣ ግን ሁለቱንም ይጠሩበታል። ርዝመቷ አምስት ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ግቢ ውስጥ ስትቆም እኔ ልብስ የማሰጣበት ቦታ አይተርፈኝም። ሰበርባን የሚባለው ስም ከ1935 ጀምሮ ያለ ነው፤ ጣሊያን አገራችንን የወረረበት ዓመት ማለት ነው። የእኛ መካኒኮችም እስከ ዛሬ በጣሊያንኛ ነው የሚያወሩት፤ ካንዴላ፣ ክሪክ፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ። እኔ እነዚህን ቃላት ያወቅኋቸው ኮምቦልቻ እያለሁ ነው። አጎቴ የአይሱዙ ረዳት ነበር፣ መኪናው ቤታችን በር ላይ ሲበላሽ ባትሪ መብራት የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ከዚያ በላይ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ማማ ድሮ ሾፌር ነበራት። በዚህ አገር ሴቶች እንዲነዱ የተፈቀደው እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ሰኔ ወር፣ በእኛ ሰኔ 17 ቀን 2010 ነው። ሾፌሩ ውሉን ጨርሶ አገሩ ሲገባ እሷ መንጃ ፈቃድ አውጥታ መንዳት ጀመረች። መንዳቱን ተማረች፣ ስለ መኪናው ግን ምንም አታውቅም። ባሏ እያለ እሱ ነበር የሚያሠራው። እና ችግሩ እዚህ ላይ ተጀመረ።

አንድ ቀን ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ልታደርስ ቁልፉን ስታዞረው «ጢቅ» ብላ ቀረች። መብራቱ ይበራል፣ ሬዲዮው ይጮኻል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም። ሰጥሓ ጠርታ ጋራዥ ወሰደቻት። «ባትሪ ነው» አሏት፤ አዲስ ባትሪ፣ 400 ሪያል። ሁለት ሳምንት ሠራችና እንደገና ጢቅ። እንደገና ሰጥሓ። «ዲናሞ ነው» አሏት፤ 700 ሪያል። ሰጥሓው ሁለት ጊዜ 300፣ የእጅ 250። እኔ ድምሩን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ 1650 ሪያል። ከዚያ ሦስተኛ ጊዜ ጢቅ ስትል «ሞተሪኖ ነው፣ 600 አምጪ» አሏት።

እኔ ደመወዝ ስጠይቅ መልሱ ምን ሆነ መሰላችሁ? «መኪናዋ ትለቅና ቡክራ።» ሁላችንም ቡክራን እናውቃታለን። አንድ ወር ቡክራ፣ ሁለት ወር ቡክራ፣ ሦስተኛው ወር ገባ። አገር ቤት ወንድሜ ኮሌጅ ሊመዘገብ እየጠበቀኝ ነው፣ እናቴ ደግሞ ስልክ ስደውል «ደህና ነሽ ወይ?» ብቻ ትለኛለች፣ ስለ ገንዘብ አታነሳም። አለማንሳቷ ነው የሚያመኝ። ማማ ክፉ ሰው ሆና አይደለም። እሷም እየተታለለች ነበር። ግን እሷ ስትታለል የምከፍለው እኔ ነበርኩ።

በዚሁ መሃል ነው ይሄ የሆነው። (ክንዴን እዩት።) ሐምሌ ነበር፣ ሙቀቱ ከ40 በላይ። ከገበያ ሲመለሱ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠግቶ ነበር። ማማ «ውሃ ጨምሪበት» ብላኝ ወደ ቤት ገባች። እኔም እንደታዘዝኩ ኮፋኖውን ከፍቼ የውሃውን ማጠራቀሚያ ክዳን አዞርኩት። የፈላው ውሃ እንደ ምንጭ ዘሎ ክንዴ ላይ ወረደ። ፊቴን ፈጣሪ ነው ያተረፈው።

በኋላ ክፍሌ ተኝቼ ሳስበው ነገሩን እኮ አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ ተምሬዋለሁ። ውሃ በግልጥ ማሰሮ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በግፊት ውስጥ ሲታፈን ግን ሳይፈላ ከ100 ያልፋል። የመኪና ክዳን ደግሞ ሆን ተብሎ ነው ውሃውን የሚያፍነው፤ የዚህች መኪና ክዳን አንድ ባር ያህል ግፊት ይይዛል፣ በዚያ ግፊት ውሃ የሚፈላው በ120 ዲግሪ ገደማ ነው። ክዳኑን ስትከፍቺ ግፊቱ በአንዴ ይለቃል፣ ውሃውም በአንዴ ይፈላል። የግፊት ድስት ክዳን እንፋሎቱ ሳይወጣ አይከፈትም፣ ሁላችንም እናውቃለን። ማሰሮውን አውቀዋለሁ፣ ፊዚክሱንም አውቀዋለሁ፣ ግን «ክፈቺ» ስባል ሁለቱንም ረስቼ ከፈትኩ። ለምን? ስለታዘዝኩ። ስንታዘዝ እጃችን ከአእምሯችን ቀድሞ ይሄዳል። እዚህ ቤት ውስጥ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አብራችሁ ደባልቁ ተብላችሁ በጭሱ የታፈናችሁ አላችሁ፤ ያው አንድ ነገር ነው።

ክንዴ ሲሻለኝ ትልቋን ልጅ አስተርጓሚ አድርጌ ከማማ ጋር ቁጭ አልኩ። የእኔ ዓረብኛ የማድቤት ዓረብኛ ስለሆነ ለእንዲህ ያለው ነገር አይበቃም። ደብተሬን ዘረጋሁላትና «ማማ፣ 1650 ሪያል ከፍለሻል፣ መኪናዋ ግን ያው ናት። ባትሪ ስትቀይሪ ካልዳነች ችግሩ ባትሪ አልነበረም። ዲናሞ ስትቀይሪ ካልዳነች ዲናሞም አልነበረም። አሁን 600 ከማውጣትሽ በፊት እኔና ልጅሽ እንፈልገው» አልኳት። ሦስት ነገርም ጠየቅኳት። አንደኛ፣ ያልገባኝን ነገር አልነካም፣ ማንም ቢያዘኝ። ሁለተኛ፣ የመኪና ሥራ በምሠራበት ሰዓት የምተኩሰው ልብስ ይቀራል፣ በእንቅልፌ ሰዓት አልሠራም። ሦስተኛ፣ ደመወዜና የመኪናው ገንዘብ ይለያይ፤ ደመወዜ በቀኑ ይከፈል፣ ያለፈውም ይታሰብ።

ተቆጣች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን መኪናዋ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጢቅ ብላ ቀረች፤ ትንሹ ልጅ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ከኋላ መኪናዎች እየጮኹባት። በታክሲ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ማታ ልጅቷን ላከቻት። «እሺ በያት» አለች።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፣ የመጣሁበትም እሱ ነው።

መጀመሪያ ያየነው ነገር ገንዘብ አያስከፍልም። ልጅቷ ቁልፉን ስታዞር እኔ የጋቢናውን መብራት አየሁ። ባትሪ ከደከመ ሞተሩን ላስነሳ ሲል መብራቱ ይፈዝዛል፣ ጉልበቱ ስለማይበቃ። የእኛ ግን ምንም አልፈዘዘም። ይሄ ማለት ባትሪው ጉልበት አለው፣ ጉልበቱ ግን ሞተሪኖው ጋ አይደርስም። ወይ ሞተሪኖው ሞቷል፣ ወይ መንገድ ላይ የዘጋ ነገር አለ። ከዚያ በ35 ሪያል ቴስተር ገዛን። ባትሪ ሳይሠራ ቆይቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ካለ ሙሉ ነው። የእኛ 12.6 አለ። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ 14 አካባቢ ካለ ዲናሞው እየሞላ ነው። በተነሳችበት ሰዓት ለካነው፣ 14.2። እንግዲህ ሁለቱም ደህና ናቸው።

የዚህች መኪና ባትሪ ገመዱ የሚታሰረው ከላይ ሳይሆን ከጎኑ ነው። በፖዘቲቩ በኩል ሁለት ገመዶች ተደራርበው በአንድ ብሎን ይታሰራሉ፤ አንዱ ወፍራሙ ወደ ሞተሪኖ፣ ሌላው ወደ ፊውዝ ሳጥን ይሄዳል። በላዩ ቀይ ጎማ አለው፣ ከውጭ ሲያዩት ንጹህ ነው። ልጅቷ ቁልፉን ስታዞር ይሄንን ወፍራም ገመድ ነካ አደረግኩት፤ ሞተሩ በአንዴ ተነሳ! ሁለታችንም ጮኽን። ማማ በመስኮት «ምን ሆናችሁ?» አለች።

እንዲህ አድርገን አጸዳነው። ቀለበትና አምባር አወለቅን፤ ወርቅ በባትሪ መካከል ከገባ ይግላል፣ ጣት ይቆርጣል። ጓንትና መነጽር አደረግን። በ8 ቁጥር መፍቻ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፈታን። ለምን ኔጌቲቩን? የመኪናው አካል በሙሉ ከኔጌቲቭ ጋር የተያያዘ ነው። ፖዘቲቩን ቀድመሽ ስትፈቺ መፍቻው የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ይረጫል። ኔጌቲቩ ከወጣ በኋላ ግን ቢነካም ምንም አይሆንም። ስናስር ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይታሰራል።

ቀዩን ጎማ ስንገልጠው በሁለቱ ገመዶች መካከል ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ሞልቶበታል። አዲስ ባትሪ ያስገባው ሰው ይሄንን ሳይጠርግ እንዳለ መልሶ ነው ያሰረው። መድኃኒቱ ደግሞ ማድቤት ነበር፤ ለኬክ የምንጠቀምበት ቤኪንግ ሶዳ። አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ በጥብጠን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስናሸው አረፋ እየሠራ ለቀቀ። ዱቄቱ ከባትሪው አሲድ የመጣ ነው፣ ሶዳው ደግሞ አሲዱን ይገድለዋል። በንጹህ ውሃ አጥበን፣ በደንብ አድርቀን፣ ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገን አሰርነው። ጠበቅ አድርገን እንጂ በጉልበት አይደለም፣ የባትሪው ጥርስ እርሳስ ስለሆነ ቶሎ ይበላል። ላዩን ቫዝሊን ቀባነው። ይኸው እስከ ዛሬ ጢቅ ብላ አታውቅም። ወጪው ስንት ነበር? ቴስተሩ 35፣ መፍቻውና ብሩሹ 20። ሶዳው የቤት ነው። 1650ው የት ሄደ?

ከዚያ በኋላ ማማ ራሷ «ይሄስ? ይሄስ?» ማለት ጀመረች። እኛም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብለን ያዝን።

ኤሲው ነፋሱ በመጨረሻው ቁጥር ላይ ብቻ ይሠራ ነበር፣ በዝቅተኛው አይነፍስም። ጋራዥ «ሞተሩ በሙሉ ይቀየር» ብለዋት ነበር። ሞተሩ ቢበላሽ ኖሮ በመጨረሻውም አይሠራም ነበር። በዝቅተኛው ቁጥር ላይ ኤሌክትሪኩ ሬዚስተር በሚባል ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያልፋል፣ እሱ ነው ፍጥነቱን የሚቀንሰው፤ በከፍተኛው ቁጥር ግን እሱን ሳይነካ በቀጥታ ይሄዳል። ስለዚህ የተቃጠለው ሬዚስተሩ ነው። ከሾፌሩ ጎን ካለው መቀመጫ እግር በላይ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ነው የሚገኘው። ባትሪውን ፈትተን አወጣነው፤ ሶኬቱም ጭምር ቀልጦ ቡናማ ሆኗል። ሁለቱንም አብሮ መቀየር ነው፣ በቀለጠ ሶኬት አዲስ ዕቃ ቢገባ ተመልሶ ይቃጠላል።

መኪናዋ መንገድ ላይ ስትሄድ ኤሲው ይቀዘቅዛል፣ መብራት ላይ ስትቆም ይሞቃል፣ የሞተሩም ሙቀት ይጨምራል። የእኔን ክንድ ያቃጠለው ሙቀት ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ያለው የኤሲ መረብ የዓመታት አቧራና ፀጉር ዘግቶታል። ስትሄድ ነፋሱ በግድ ይገባል፣ ስትቆም ግን አይገባም። ሞተሩ በርዶ ሳለ በለስላሳ ብሩሽና ቀስ ባለ የቧንቧ ውሃ አጠብነው። በኃይለኛ የመኪና ማጠቢያ ውሃ አይሆንም፣ ስስ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። የወጣው ውሃ ጭቃ ነበር። የምትነዱ ወይም አሰሪያችሁ የምትነዳ ካለች ይሄንን ዛሬ ሂዳችሁ እዩት።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ የሞተሩ ቢጫ መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል። ይሄ መብራት ዝም ብሎ ቢበራ ቀስ ብሎ ይታያል፤ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ቤንዚኑ ሳይቃጠል እየወጣ ነውና መንዳት ማቆም ነው። ጋራዥ «ሞተሩ ይውረድ» አሏት። እኛ በ60 ሪያል የኮድ ማንበቢያ ገዛን። ከመሪው በታች ሶኬት አለ፣ እዚያ ይሰካል። «ፒ0304» አለን። የመጨረሻው ቁጥር ሲሊንደሩን ነው የሚነግርሽ፣ አራተኛው ማለት ነው። ይህች መኪና ስምንት ሲሊንደር፣ ስምንት ካንዴላ፣ ስምንት ቦቢና አላት፤ ቦቢናው ለካንዴላው እሳት የሚልክለት ነው። ከፊት ወደ ኋላ ሲቆጠር በግራ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ በቀኝ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ናቸው። ሞተሩ ሲበርድ የአራተኛውን ቦቢና ወደ ስድስተኛው፣ የስድስተኛውን ወደ አራተኛው አዛወርን። ኮዱን አጥፍተን ስናስነሳት «ፒ0306» አለ። ችግሩ ከቦቢናው ጋር ተዛወረ፤ ጥፋተኛው ተያዘ። አንድ ቦቢና፣ 90 ሪያል። ኮዱ በስድስት ሳይሆን በአራት ቢቀር ኖሮ ቦቢናው ነጻ ነው፣ ካንዴላውን እናይ ነበር።

ከጥገና ሌላ ሁለት ማሻሻያ አደረግን። የፊት መብራቱ መስታወት ፕላስቲክ ነው፣ ፀሐይ አቃጥሎት ቢጫ ሆኗል። ፈህስ ልትገባ ስለነበር ማማ አዲስ ልትገዛ አለች። ዙሪያውን ቀለሙ እንዳይነካ በፕላስተር ሸፍነን፣ በውሃ እያራስን በ800፣ ከዚያ በ1500፣ ከዚያ በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው፤ ከዚያ በፖሊሽ አሸነው። መጨረሻ ላይ ፀሐይ የሚከላከል ቅባት ካልተቀባ በጥቂት ወር ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። በጥርስ ሳሙና የሚሉት ለጥቂት ቀን ነው። ፈህሱንም አለፈች።

ሁለተኛው የኋላ ካሜራ ነው። ይሄን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለች ረጅምና ከፍ ያለች መኪና ወደ ኋላ ስትሄድ ከኋላዋ የቆመ የአራት ዓመት ልጅ በመስታወት አይታይም። ያ ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ነው የሚጫወተው፣ ጠባቂውም እኔ ነኝ። አንድ ነገር ቢሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ነው? ካሜራው ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከኋላ ማርሽ መብራት ነው፣ ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ ብቻ እንዲበራ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማማ ፍሬን ረግጣ የትኛው ሽቦ 12 ቮልት እንደሚያገኝ በቴስተር ለካን። መሃሉ ላይ ትንሽ ፊውዝ አስገባን። ማማ መጀመሪያ ቀን በስክሪኑ ልጇ ከኋላ ሲሮጥ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አሁን የማንነካውን ልንገራችሁ፣ ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር አልገባም፤ ክሪክ ጎማ ለመቀየር ነው እንጂ ሰው ለማስተኛት አይደለም። ካቫሌቶ፣ ያ የብረት መደገፊያ፣ ከሌለ ሥራው የለም። ከሁለት ቶን ተኩል አካባቢ የምትመዝን መኪና ናት። ቢጫ ሽቦና ቢጫ ሶኬት ካየሁ አልነካም፣ የኤር ባግ ነው፣ ሊፈነዳ ይችላል። የቤንዚን መስመር አልፈታም። ፍሬንም ባለሙያ ጋ ነው የሚሄደው። የፍሬኑ ሸራ ሲያልቅ ጋራዥ ስትሄድ ግን ለማማ አንድ ነገር ነገርኳት፤ «የወለቀውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ በያቸው።» ይሄን ያለች ሴት በቀላሉ አትታለልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚቀየረውን ሁሉ በዓይኗ ታያለች።

ደመወዜስ? የሁለቱን ወር በአንድ ጊዜ ከፈለችኝ። ሦስተኛውን በየወሩ 250 እየጨመረች በአራት ወር ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ በወሩ መጨረሻ ቀን ነው የምትሰጠኝ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ሦስት ቀን አሳልፋለች፣ እሱንም ጽፌዋለሁ። ወንድሜ በዚያ ዓመት መመዝገቢያው አልፎት ነበር፤ ዓመት ጠብቆ በሚቀጥለው ገባ። ያቺ የጠፋች ዓመት አትመለስም። ይሄን የምነግራችሁ ነገሩ ሁሉ በደስታ አለቀ ብላችሁ እንዳትሄዱ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ለምን ተጨማሪ ሥራ ወሰድሽ? ውልሽ የቤት ሥራ አይደል?» ብላችሁኛል። ልክ ናችሁ። ውሌ ላይ መኪና የለም። ማንም ተነስቶ ከነገ ጀምሮ መኪናም አጥቢ፣ ዘይትም ቀይሪ ቢላችሁ «ይሄ ውሌ አይደለም» ማለት መብታችሁ ነው። እኔ የገባሁበት ራሴ መርጬ ነው፣ በሦስት ቅድመ ሁኔታ ነው፣ መተኮሱ ቀርቶልኝ ነው። ቅድመ ሁኔታውን ባልጠይቅ ኖሮ ዛሬ ምግብ አብሳይም፣ ሞግዚትም፣ መካኒክም ሆኜ በአንድ ደመወዝ እሠራ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ችግሩ ሳይገኝ ዕቃ አይገዛም። የመኪናም ይሁን የልብስ ማጠቢያ፣ «ይሄ ነው» ሲሏችሁ «እንዴት አወቅክ?» በሉ። ደመወዝም እንደዚያው ነው። «የለኝም» ስትባሉ የት እንደሄደ ጠይቁ፣ ጻፉ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ቁጥሩን ጻፉ። ማማን ያሳመናት የእኔ እንባ አልነበረም፣ እንባዬንማ ሦስት ወር አይታዋለች። ያቺ 1650 የሚል ቁጥር ናት።

እኔ አገር ስገባ ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ትንሽ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ለመክፈት አስቤያለሁ። በጂቡቲ መንገድ የሚያልፈው መኪና ብዙ ነው። «ሴት መካኒክ» ብለው ይስቁ ይሆናል፤ ይሳቁ። ዕቃ ለማምጣት ሶማሌ ተራ ስሄድ ደግሞ «አሮጌውን አሳዩኝ» የምትል ደንበኛ ያገኛሉ።

ብዙ አወራሁ፣ ይቅርታ። ቴስተሩን ይዤው መጥቻለሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንድ አሮጌ ባትሪም ከእህታችን ቤት አግኝተናል። ከቡናው በኋላ መለካት የምትፈልግ ትቅረብ፣ አሳያታለሁ። ቀለበታችሁን ግን አውልቁ።